የላብ ሶዲየም የሚለካ ፓች ልሠራ ነው፤ ቆላ ለሚወርዱ ሠራተኞች ይጠቅማል?

ሰርኪት_ማራኪ (ክሩን የከፈተ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ክንድ ላይ ተለጥፎ ላብ ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም የሚለካ ፓች ልሠራ አስቤያለሁ። ሐሳቡ የመጣው ከሰሊጥ ነው። መስከረም ሲጠባ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ ስንቱ ወጣት ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ጋቢ ለብሶ ካደገበት ብርድ ተነስቶ በቀጥታ ሐሩር ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ጥሎት ተሸክመው የሚያመጡት አለ።

በፈረንጆቹ 2016 የወጣውን የበርክሌይ ሥራ አይታችሁት ይሆናል። የአሊ ጃቬይ ቡድን ግንባርና አንጓ ላይ የሚታሰር ነገር ሠርቶ የላብ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ግሉኮስና ላክቴት ከቆዳ ሙቀት ጋር በአንዴ ለክቶ ወደ ስልክ ልኳል። እኔ የምፈልገው ከዚያ በጣም የቀለለ ነው። ሁለት አዮን (ሶዲየምና ፖታሲየም)፣ ርካሽ የታተመ ኤሌክትሮድ (የአዮኑን መጠን በቮልቴጅ የሚያሳይ ጫፍ)፣ ቁጥሩ ከመስመር ሲያልፍ የሚጮህ ነገር። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ስለሚያስቸግር እሱ ደግሞ ለሆስፒታልም ይሆናል ብዬ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሠራል ወይ? ሰው ቆዳ ላይ ለመለጠፍስ ምን ልጠንቀቅ? ደፍራችሁ ተቹ፣ አልቀየምም።

ሚሊቮልት
ኤሌክትሮዱስ ይሠራል። ሆስፒታል ውስጥ ኤሌክትሮላይት የሚለካው ማሽን ራሱ ሆዱ ውስጥ ያለው ይኸው አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ለሶዲየምና ለፖታሲየም መጠኑ 10 እጥፍ ሲቀየር የምታገኘው በ25 ዲግሪ 59 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በ35 ዲግሪ ወደ 61 ይጠጋል፤ ስለዚህ የሙቀት መለኪያ አብረህ አስገባ። አሁን አስላ። የጤነኛ ሰው የደም ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት በቮልቴጅ 2 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም! ርካሽ የታተመ ኤሌክትሮድ ላብ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ሶዲየሙ ሳይነቃነቅ እሱ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊንሸራተት ይችላል። የሆስፒታሉ ማሽን የሚተርፈው መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ በየጊዜው እያስገባ ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። ሰሊጥ መሃል ክንድ ላይ ያለውን ፓች ማን ያስተካክለዋል?

የላብ ነገር ግን ይለያል። የላብ ሶዲየም ከሰው ሰው፣ ከሰዓት ሰዓት ከ10 እስከ 90 ይዋዥቃል። ከ20 ወደ 80 ቢወጣ 35 ሚሊቮልት ታያለህ። 1 ሚሊቮልት መሳሳት 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ለላብ ይበቃል፣ ለደም ግን አይበቃም። እና ስለ ላብ ብቻ አውራ።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር። ሜምብሬኑ (ኤሌክትሮዱ ላይ የሚቀባው አዮን መራጭ ስስ ሽፋን) የኤሌክትሪክ ተቃውሞው እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ቀጥታ አርዱዪኖ በምንለው ሰሌዳ ላይ ብትሰካው የምታነበው ቁጥር ዝባዝንኬ ነው፤ መግቢያው ላይ እንደ ፒኤች ሜትር ያለ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ያለው አምፕሊፋየር ያስፈልግሃል። ሪፈረንሱን (ቮልቴጁ ከሱ አንጻር የሚለካበትን ሁለተኛ ኤሌክትሮድ) ደግሞ ባዶ ብርና ብር ክሎራይድ አድርገህ እንዳትተወው። የላብ ክሎራይድ ከሶዲየሙ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሪፈረንስ ያልከው ራሱ አብሮ ይሄዳል። ብዙዎቹ ጨው የጠገበ ፖሊቪኒል ቡቲራል የሚባል ፕላስቲክ ይቀቡበታል።

ዝም_አልልም
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የኛ ሰው ችግር ስንቴ ነው በሴንሰር የሚፈታው? የቀን ሠራተኛው ያጣው ንጹሕ ውሃና ጥላ ነው። ፓቹ ጮኸ እንበል፣ ከዚያስ? ውሃው ከየት ይመጣል? ላብ መለካት ከፈለክ ጠዋት ሚዛን ላይ አቁመው፣ ማታም አቁመው፣ የጠጣውንና የሸናውን አስላ። 1 ኪሎ ማለት 1 ሊትር ላብ ነው። አለቀ። ባትሪ አይፈልግ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ።

ሰርኪት_ማራኪ
ሚዛን ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የሚነግርህ የወጣውን ውሃ ነው፣ ጨውን አይነግርህም። ሁለት ሰዎች እኩል 1 ሊትር ላብ ቢያልባቸው፣ የአንዱ ላብ 20 ሚሊሞል ሶዲየም፣ የሌላው 80 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ከ1 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ጨው አጣ፤ ሁለተኛው 5 ግራም ገደማ አጣ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብላ ነው የሚለው። ያኛው ሰው በ1 ሊትር ላብ ይህን ጨረሰው ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን ለሚያጭድ ሰው ደግሞ 1 ሊትር ምንም አይደለም። ለሁለቱም ውሃ ብቻ ብታጠጣ እኩል አልረዳሃቸውም።

ሯጩ_አዘዞ
ይሄ ለኛ ለሯጮችም ይሠራል። ጀማሪ ሯጭ ሁሉ የሚሰማው «ውሃ ጠጣ፣ ውሃ ጠጣ» ነው። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደም ከሰጡት 488 ሯጮች 13 በመቶው የደም ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ከመጠን በላይ መጠጣት ነው። እየሮጡ ክብደት የጨመሩ ነበሩ! ስለዚህ ወንድሜ፣ ፓችህ «ጨው አጣህ» ብሎ ሲጮህ ሰውየው ባልዲ ውሃ አንስቶ እንዳይጋት። ምን እንደሚያደርግም አብሮ ይነገረው።

በነገራችን ላይ አንድ የስፖርት መጠጥ ኩባንያ በ2021 ክንድ ላይ የሚለጠፍ የላብ ፓች ለገበያ አውጥቷል። ባትሪ የለውም። ላቡ በቀጭን ቦይ ይሄዳል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ በስልክ ፎቶ ታነሳዋለህ፣ አለቀ። ከሰርኪት በፊት እሱን ብታስብስ?

ሲስተር_ዘፒያሳ
ሰርኪት ወንድሜ፣ ስለ ፖታሲየሙ ላስቁምህ። ካላዛር የሚታከሙ ሰዎች ላይ ሠርቻለሁ። ብዙዎቹ አንተ የምትላቸው ሰሊጥ ሠራተኞች ናቸው፤ አሸዋ ዝንቧ ቆላ ላይ ነክሳቸው የመጡ። አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ሲጀመርላቸው ኩላሊታቸው ፖታሲየምና ማግኒዚየም ያፈሳል። ስለዚህ የምንፈራው እሱን ነው፣ ደም እየቀዳን እንከታተላለን። አንዳንዴ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አለቀ ይባላል፣ አንዳንዴ ደሙ ሲቀዳ ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየሙ በውሸት ከፍ ብሎ ይመጣል፣ እንደገና መርፌ። ክንድ ላይ ተለጥፎ ይህን የሚነግረኝ ነገር ቢመጣ እልል ነው የምለው።

ግን ላብ ይህን አይነግረኝም። ላብ ውስጥ ፖታሲየም አለ፣ ግን ደሙ ሲወርድ እሱም ተከትሎ ይወርዳል ብለህ የምትተማመንበት ነገር አይደለም። አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ደግሞ ከየት አምጥቶ ያልባል? ፓችህ «4 ነው» ብሎ አረንጓዴ ቢያበራ፣ የደሙ 2.5 ቢሆን፣ እኔ ደሙን ትቼ አረንጓዴውን ባምን ሰው ይሞታል። የውሸት ማጽናኛ ከምንም ነገር ይከፋል። ፖታሲየሙን ተወው በእናትህ።

ሚሊቮልት
ሲስተር ልክ ነሽ። ምክንያቱንም ልናገር፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ላብ ሲመነጭ፣ ከታች እጢው ጥቅል ውስጥ፣ ጨውነቱ ከደም ውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ቱቦው ሶዲየሙንና ክሎራይዱን እየለቀመ ወደ ሰውነት ይመልሳል። ቀስ ብሎ ከወጣ ብዙ ይለቀማል፣ ላቡ ቀጭን ይሆናል። በኃይል ከወጣ ቱቦው አይደርስበትም፣ ጨው የበዛበት ላብ ይወጣል። ስለዚህ ፓቹ ላይ ሶዲየም ከ30 ወደ 60 ሲወጣ ብታይ፣ የሰውየው የደም ሶዲየም ጨመረ ማለት አይደለም። በኃይል እያላበው ነው እንጂ። የላቡን ፍጥነት አብሮ ያልለካ ፓች ግማሽ ነገር ነው የለካው። ፍጥነቱን በመጠኑ ስታባዛ ግን በሰዓት የወጣውን ጨው ታገኛለህ፣ እሱ እውነተኛ ቁጥር ነው።

ሌላው ችግር ትነት ነው። ላብ ፓቹ ስር ተጠራቅሞ ከተነነ ጨው ብቻ ይቀራል፣ ቁጥርህ ሰማይ ይወጣል። አሮጌ ላብ ከአዲስ ይቀላቀላል። መጀመሪያ የሚወጣው ላብ ደግሞ ቆዳው ላይ የደረቀውን የትናንት ጨው አጥቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የተዘጋ ቀጭን ቦይ፣ መግቢያና መውጫ ያለው፣ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ የሚሄድበት።

ሐኪሞች ከልብ የሚያምኑት የላብ አዮን ምርመራ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚደረገው ነው። በ1953 ዲ ሳንትአኜሴ የሚባል ሐኪም ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች ላብ ጨዋማ መሆኑን አሳየ። በ1959 ጊብሰንና ኩክ ፒሎካርፒን የሚባል የሚያልብ መድኃኒት በትንሽ ኤሌክትሪክ ቆዳ ውስጥ አስገብተው ማላብን አስተማሩ። ክሎራይዱ 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታውን ያመለክታል። ለምን ሠራ? ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ፣ አላላቡም ቁጥጥር ስላለው፣ ስለ ደም ምንም ስለማይጠይቅ።

ዶክተር_ቆዳ
ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር። የቆዳ ሐኪም ነኝ።

ቆዳ ላይ የሚውል መሣሪያ አይኤስኦ 10993 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው የሚመዘነው። ሴል ይገድላል ወይ፣ ቆዳ ያስቆጣል ወይ፣ አለርጂ ያስነሳል ወይ። ተማሪ ይህን ሁሉ አይጨርስም፣ ግን የምትጠቀማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማወቅ አለብህ። የተለመደው ሜምብሬን ሲሦው ፒቪሲ፣ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ማለስለሻ ዘይት ነው። ያ ዘይት አይታሰርም፣ ቀስ እያለ ይወጣል። የፖታሲየም መራጩ ቫሊኖማይሲን ከባክቴሪያ የሚገኝ አንቲባዮቲክ ነው፤ ፖታሲየምን አቅፎ በሽፋን በኩል የሚያሻግረው እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ብቻ መሰለህ? ሕያው ሴል ውስጥም ያንኑ ያደርጋል፣ የሴሉን ኃይል ማመንጫ ሚቶኮንድሪያን ያናጋል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አዎ። ቢሆንም ሙሉ ቀን ላብ ባራሰውና ማጭድ በፋቀው ቆዳ ላይ ቀጥታ አታስቀምጠውም።

መፍትሔው ሚሊቮልት ያለው ቦይ ራሱ ነው። ላቡ ከቆዳው ተነስቶ ወደ ውጭ ይሂድ፣ ሜምብሬኑ ላይኛው ፎቅ ላይ ይቀመጥ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አድርግ። ያኔ ቆዳ የሚነካው ማጣበቂያውና ቀዳዳው ብቻ ይሆናል።

በተግባር ግን ሰውን የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ ማጣበቂያው ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፍ አንድ የታወቀ የስኳር መለኪያ ውስጥ የነበረ አይሶቦርኒል አክሪሌት የሚባል ነገር ብዙ ሰው አለርጂ አድርጓል። ከዚያ በፊትም በ2001 በአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኤፍዲኤ የተፈቀደው ግሉኮዎች የሚባለው ሰዓት፣ በኤሌክትሪክ ከቆዳ ስር ፈሳሽ እየሳበ ስኳር ይለካ ነበር፤ ቆዳ እያቃጠለ ሰው ጠላው፣ ከገበያም ወጣ። ኬሚስትሪው ሠርቷል፣ ቆዳው ግን እምቢ አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቆዳ ተቆጣ አልተቆጣም የሚባለው በቅላት ነው የሚመዘነው። የኛ ቆዳ ላይ ቅላት እንደ ፈረንጁ ፍጥጥ ብሎ አይታይም። ጠይም ሰው ላይ ፓቹን አንስተህ «ምንም አልሆነም» ብለህ ልትጽፍ ትችላለህ፣ ሲቆይ ግን የፓቹ ቅርጽ ጥቁር ምልክት ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረድ። በጣት ዳሰው፣ ይሞቃል ወይ፣ አብጧል ወይ፣ ያሳክክሃል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ካነሳህ በኋላም እየተመለስክ እየው።

ሰርኪት_ማራኪ
ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ ቅላቱ የትም አላነበብኩም ነበር። አንድ ጥያቄ ላስቸግርዎት፤ በሲሊኮን ማጣበቂያ ብሠራውስ?

ዶክተር_ቆዳ
ለቆዳው ይሻላል። ላብ ሲበዛ ግን ቶሎ ይለቃል። ትንሽ ፓች፣ ለአጭር ሰዓት፣ በየጊዜው ቦታ እየቀየርክ። ያለ ዕረፍት ታሽጎ ከዋለ ላብ ቱቦው ተደፍኖ ሽፍታ ያወጣል።

ቆላ_ወራጅ
እንደምን ዋላችሁ። ሰሊጥ ሠርቸም አሠርቸም አውቃለሁ፣ እስቲ እኔም ልናገር። ልጁ ያሰበው ክፉ አይደለም። ግን ፓቹን ክንድ ላይ ለጥፋችሁ ማጭድ ስታስይዙት አስቡት። ሰሊጥ ሲደርስ ይረግፋል፣ ቀን አይሰጥም፣ አጫጁ ጎንበስ እንዳለ ነው የሚውል። አቧራው፣ ገለባው፣ ክንዱን እየፋቀው ይሄዳል። ክንድ ሳይሆን ጀርባ ላይ ወይ ከብብት ዝቅ ብሎ ይሁን ባይ ነኝ።

ሌላው፣ ስንቁን እወቁ። ሰውየው የሚበላው እንጀራ በሽሮ ነው፣ በሶም ይበጠብጣል፣ በርበሬና ጨው አይለየውም። ጨው አጣ ስትሉ በሆዱ የገባውንም ቁጠሩ። ውሃው ግን እውነት ነው፣ በርሜል ውስጥ ሲፈላ የዋለ ውሃ ነው የሚጠጣ።

ደግሞ እኔ ያየሁት ምን ሁኖ ነው፣ የሚወድቀው አዲሱ ነው። የከረመው ሰው ያው ፀሐይ ላይ ምንም አይለው። የደጋው ልጅ እንደ ወረደ ብርቱ ነኝ ብሎ ከከረመው እኩል ልጨድ ይላል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በጨው ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ራሱን ያዞረዋል።

የመጨረሻው ከባዱ ነው። ስልኩ የማን ነው? ቁጥሩን የሚያየው አሠሪው ከሆነ «ይሄ ደካማ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል። ሠራተኛው ይህን ካወቀ ፓቹን ነቅሎ ይጥለዋል፣ እኔም ብሆን እጥለዋለሁ።

ሲስተር_ዘፒያሳ
አያ ቆላ_ወራጅ፣ ያዩት ነገር በትክክል የሚታወቅ ነው። ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሲለምድ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ ብዙም ያልባል፣ ላቡ ውስጥ ያለው ጨው ግን ይቀንሳል፤ አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ቱቦው ሶዲየም አጥብቆ እንዲለቅም ያደርገዋል። የሸሚዙ ነጭ ጨው አዲሱ ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሚሊቮልት
እና ሰርኪት፣ ፕሮጀክትህ ተገኘ! አንድ ሰው፣ ያው ሰው፣ ከወረደበት ቀን ጀምሮ። ከደም ጋር አታወዳድረው፣ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አወዳድረው። እኩል በሆነ ላብ ፍጥነት ሶዲየሙ በየቀኑ እየወረደ ከሄደ ሰውነቱ እየለመደ ነው። ካልወረደ ገና ነው፣ ሥራው ይቅለልለት። የሶዲየሙ መውረድ ከኤሌክትሮዱ መንሸራተት በላይ ከሆነ ርካሽ ኤሌክትሮድም ያየዋል፤ በየቀኑ አዲስ ፓች ስለምትለጥፍ ደግሞ መንሸራተቱ አይጠራቀምም። ጠዋት ከመለጠፍህ በፊት መጠኑ የታወቀ የጨው ውሃ አንድ ጠብታ ማሳየት ብቻ ነው የሚቀርህ።

ዝም_አልልም
እሺ፣ ይሄኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ግን አሁንም ልከራከር ነው። አዲስ የወረደ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ እያለ ይጀምር የሚለውን ያለ ፓችም እናውቃለን። ሲስተር አሁን ነገረችን፣ አያ ደግሞ ከዱሮ ያውቁታል። የማይደረገው ስላልታወቀ ነው? በኮንትራት ነው የሚታጨደው፣ ቀስ ያለ ሰው ገንዘቡም ቀስ ይላል። ይህን ሴንሰር አይቀይረውም።

ቆላ_ወራጅ
ልክ ብለሃል ወንድሜ። ግን ልጁ እኮ ሰርኪት ነው የሚያውቅ፣ ኮንትራቱን እሱ አልጻፈው። ቁጥር ይዞ የሚከራከር ሰው ቢኖር ለኛም አይከፋም። «ራሴን አዞረኝ» ሲል ሰነፍ ነው ይባላል፣ ወረቀት ሲያሳይ ይሰማል።

ሰርኪት_ማራኪ
አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ። ፖታሲየሙ ወጣ። ሶዲየም ብቻ፣ ከላብ ፍጥነትና ከሙቀት ጋር። ሜምብሬኑ ላይኛው ፎቅ፣ ቆዳውን የሚነካው ሲሊኮን ብቻ፣ ቦታው ከብብት ዝቅ ብሎ። ስልክም ብሉቱዝም አልጨምርም፤ ሠራተኛው ራሱ የሚያየው ትንሽ መብራት ይሁን፣ ቁጥሩም ፓቹ ላይ ይቅር። ቆላ ከመውረዴ በፊት እዚሁ ጎንደር ሜዳ ላይ ልምምድ በሚሠሩ ልጆች ብሞክረውስ? ሯጩ_አዘዞ፣ ጓደኞችህን ትለምንልኛለህ?

ሯጩ_አዘዞ
እኔ ራሴ አለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መምጣት ከቻልክ ብቻ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ስለሆነ ግን ቶሎ አያልበንም፣ ጃኬት ለብሰን እንሮጥልሃለን።

ሲስተር_ዘፒያሳ
ቆይ ቆይ። አንድ ሰው ላይ ከመለጠፍህ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ! «ጓደኛዬ ነው፣ ፈቅዷል» አይሠራም። የስምምነት ወረቀቱን በአማርኛ ጻፈው፣ መቼም ማቆም እንደሚችሉ ይነገራቸው። ማጣበቂያ የሚያሳክከው ሰው ካለም አስቀድመህ ጠይቅ።

ሚሊቮልት
ማወዳደሪያውን እኔ እረዳሃለሁ። ፓቹ ጎን ላይ ላቡን በትንሽ ጠርሙስ ሰብስብ፣ ክዳኑን ወዲያው ግጠም፣ እንዳይተንብህ። በፍሌም ፎቶሜትር (ሶዲየምን በነበልባል ብርሃን በሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ) ሶዲየሙን እናየዋለን። የፓችህ ቁጥርና የጠርሙሱ ቁጥር ካልተቀራረቡ ወደ ሰሊጥ አትውረድ። ከሰው በፊት ደግሞ ሰው ሠራሽ ላብ በጥብጥ፤ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ትንሽ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ዩሪያ። እሱ ውስጥ ኤሌክትሮዶችህን ሌሊቱን ሙሉ ተዋቸውና ጠዋት ስንት ሚሊቮልት እንደተንሸራተቱ እዚሁ ለጥፍልን።